ካርታው ቀይ ሲሆን ማን ነው የሚያስቆመው?

በየከተማው የአየር ጥራት መለኪያ መትከል እየተለመደ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው ካርታ ስልካችን ላይ ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ማንም የሚተነፍሰውን የማወቅ መብት አለው። ግን አንድ ጥያቄ ሁሌ ይከነክነኛል። ካርታው ቀይ ሲሆን የአካባቢው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምን የማድረግ ግዴታ አለበት? ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ሕፃናትና አረጋውያን ከቤት ባይወጡ ይመረጣል" የሚል ምክር ነው። ምክሩ ለሚተነፍሰው ነው። ጭሱን የሚለቀውስ ምን ተባለ?

ለንደንን እናንሳ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ከተማዋ ለአምስት ቀናት በከሰል ጭስና በጉም ታፈነች። ነፋስ አልነበረም፤ ቀዝቃዛው አየር ጭሱን ይዞ መሬት ላይ ተኛ። በወቅቱ የተገመተው የሟቾች ቁጥር 4,000 ገደማ ነበር። በኋላ የወጡ ጥናቶች እስከ 12,000 ያደርሱታል። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያኔም መለኪያ ነበር። የጭሱና ከሰል ሲነድ የሚወጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጠን በየቀኑ ይመዘገብ ነበር፤ መዝገቡ ዛሬም አለ። ያልነበረው የመኖሪያ ቤት ምድጃን የሚነካ ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው በ1956 ነው። የአካባቢ አስተዳደሮች "እዚህ ሰፈር ጭስ ክልክል ነው" ብለው የመወሰን ሥልጣን አገኙ። ምድጃቸውን ለሚቀይሩ ቤቶችም የወጪው አብዛኛው ክፍል እንዲሸፈን ተደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መለካት ቀላል ሥራ ነው እያልኩ አይደለም። ደቃቅ ብናኝ የሚባለው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ለመለካት አንድ ነጭ ክብ ማጣሪያ በጥንቃቄ ይመዘናል። መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ለ24 ሰዓት አየር ይሳብበታል። በተለመደው ፍጥነት ይህ 24 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ነው። ከዚያ ማጣሪያው ግራጫ ሆኖ ይወጣና እንደገና ይመዘናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ በሜትር ኪዩብ 15 ማይክሮግራም ነው። ልክ እዚያ ላይ ብንሆን ማጣሪያው ላይ የሚቀረው 360 ማይክሮግራም፣ የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ገደማ ነው። ለዚህች ኢምንት ክብደት ሚዛኑ፣ የክፍሉ ሙቀትና እርጥበት፣ የባለሙያው እጅ ሁሉ ልክ መሆን አለባቸው። ርካሾቹ መለኪያዎች እርጥበት ሲበዛ ያጋንናሉ፤ ግን ከዋናው ጣቢያ ጎን ተቀምጠው ከተስተካከሉ ብዙ ሰፈር ለማየት ይረዳሉ።

የጣቢያው ቦታም ቀላል ጉዳይ አይደለም። መለኪያውን መናፈሻ ውስጥ ብትተክለው ከተማው ንጹሕ ይመስላል። መኪና የሚጨናነቅበት መንገድ ዳር፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበት በር አጠገብ ብትተክለው ሌላ ቁጥር ታያለህ። አማካይ ቁጥርም እንዲሁ ይሸፍናል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የታፈነው መንገድ በቀኑ አማካይ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የየሰዓቱ ቁጥር፣ መሣሪያው ያልሠራበት ሰዓትም ጭምር፣ ለሕዝብ ይውጣ እላለሁ።

ዋናው ክርክሬ ግን እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩና እርምጃው ቀድመው በደንብ ይታሰሩ። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኦዞን (መሬት አጠገብ ሲከማች ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ) ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አስቸኳይ ሁኔታ ይታወጃል፤ የተወሰኑ መኪኖች ከመንገድ ይወጣሉ፣ ፋብሪካዎችም ልቀታቸውን እንዲቀንሱ ይገደዳሉ። ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተጽፏል። ኃላፊው በዚያች ቀን ስልክ እየተደወለለት፣ እየተለመነና እየተጫኑት አይወስንም።

የፋብሪካ ፈቃድም እንዲህ መጻፍ አለበት። "ብክለት ይቀንስ" የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። ከዚህ ጭስ ማውጫ በሰዓት ይህን ያህል፣ ከዚያ ካለፈ ይህ የማምረቻ መስመር ይቆማል ተብሎ ይጻፍ። ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ብቻ ከመጣ ጭሱ ሌሊት ይለቀቃል። ትልልቆቹ ላይ ቀን ከሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገጠም፤ ተቆጣጣሪውም ሳይነግር የመግባት መብት ይኑረው።

"ፋብሪካ ሲቆም ሠራተኛው ምን ይብላ?" የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንጀራ ቀልድ አይደለም። ግን ያ ሠራተኛ ራሱ ጭስ ማውጫው ሥር ነው የሚውለው፤ ብዙ ጊዜ ቤቱም እዚያው አጠገብ ነው። ገደቡን አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሀብት ማጣሪያ ለመግጠም ጊዜና በጀት ይይዛል። ድንገት የሚዘጋው ቁጥሩ ለዓመታት ታይቶ ዝም የተባለው ነው። አቅም ለሌላቸው ትናንሽ ድርጅቶች ደግሞ ለንደን ለምድጃ ያደረገችው ዓይነት ድጋፍ ይታሰብላቸው።

እንግዲህ የአካባቢያችሁ መሥሪያ ቤት አዲስ ጣቢያ ሲያስመርቅ ስለ መሣሪያው ብቻ አትጠይቁ። ቁጥሩ ከገደብ ባለፈ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በማን ፊርማ፣ የትኛው ጭስ ማውጫ እንደሚዘጋ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። ሰነዱ ከሌለ በጀት ሳይጸድቅ በፊት ይጻፍ በሉ።