ባዶውን ካርታ ማን ይሙላው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ያለፈውን የአየር ንብረት ለማወቅ የተፈጥሮ መዝገቦችን ከሞዴል (የአየር ንብረትን በፊዚክስ ሕግ ከሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጋር አዋህዶ ማስላት፣ መዝገቦቹን ለብቻቸው ከማንበብ ይሻላል።

ደጋፊ፦ የባሕር ደለልም ሆነ የግግር በረዶ ዓምድ የሚመሰክረው ስላለበት ቦታ ብቻ ነው። የዛሬ 21,000 ዓመት ገደማ ስለነበረው የበረዶ ዘመን የሚናገሩትን የባሕር መዝገቦች ካርታ ላይ ብናሰፍራቸው አብዛኞቹ የአህጉራትን ዳርቻ ተከትለው ይሰለፋሉ፤ የደቡብ ፓሲፊክ መሀል ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የእነዚህን አማካይ ወስዶ «የምድር ሙቀት ይህ ነበር» ማለትም ግምት ነው። ግምት ካልቀረ ደግሞ ፊዚክስ የሚያውቅ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በርካታ የሞዴል ውጤቶች እንወስዳለን። በእያንዳንዳቸው ሙቀት የፎራሚኒፌራ (በባሕር የሚኖሩ ደቃቅ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት) ቅርፊት ምን ያህል ማግኒዥየም ይይዝ እንደነበር (ውሃው ሲሞቅ ማግኒዥየሙ ይበዛል) አስልተን፣ ላቦራቶሪ ከለካው ጋር እናስተያያለን። ልዩነቱን የሚመዝነው የካልማን ማጣሪያ የተባለ የሒሳብ ዘዴ ነው፤ ስህተቱ ላነሰው ብዙ ክብደት ይሰጣል። ለቀላልነት ሁሉንም በዲግሪ እናድርገው፦ ሞዴሉ 20 ይላል፣ የስህተት ልኩ 2፤ ቅርፊቱ 17 ይላል፣ የስህተት ልኩ 1። ስህተቶቹ በራሳቸው ሲባዙ 4 እና 1 ይሆናሉ፤ የቅርፊቱ ክብደት 4 ለሁለቱ ድምር ለ5 ሲካፈል፣ ማለትም 0.8 ነው። የ3 ዲግሪው ልዩነት በ0.8 ተባዝቶ ከ20 ሲቀነስ 17.6 ይመጣል። መዝገቡ ሞዴሉን ጎተተው እንጂ ሞዴሉ መዝገቡን አልዋጠውም።

ተቃዋሚ፦ ሒሳብዎ ልክ ነው። ያቺ 1 ግን ከየት መጣች? 2 ብለው ቢጽፏት ክብደቱ 0.5፣ መልሱም 18.5 ይሆን ነበር፤ ቅርፊቱ ያው ቅርፊት ነው። በባሕር ወለል የሚርመሰመሱ ትላትሎች የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ያህል ደለል ያማስሉታል። በ1,000 ዓመት 2 ሴንቲሜትር ብቻ በሚከማችበት ቦታ፣ አንዷ ናሙና የ5,000 ዓመት ቅርፊት ተደባልቆባታል ማለት ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ደግሞ ቅርፊቱ ሲሟሟ ማግኒዥየሙ ቀድሞ ስለሚሄድ ባሕሩ ከነበረው የቀዘቀዘ ይመስላል። ይህን ሁሉ በአንዲት ቁጥር ጠቅልሎ መጻፍ ድፍረት ነው።

የባሰው መዝገብ የሌለበት ቦታ ነው። እዚህ 1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እዚያ ስንት እንደሚቀዘቅዝ የሚወስነው ሞዴሉ ብቻ ነው። በ2020 በአንድ ሞዴል ላይ የተመሠረተ ጥናት የበረዶ ዘመኑ ከኢንዱስትሪ በፊት ከነበረው ጊዜ በ6.1 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር አለ፤ የስህተት ልኩንም ከግማሽ ዲግሪ በታች አደረገው። በ2022 ከብዙ ሞዴሎች የተነሣ ሌላ ጥናት ደግሞ 4.5 ዲግሪ አለ፣ ወደላይም ወደታችም 1.7። የሁለቱ ጥናቶች መዝገቦች ፍጹም አንድ ባይሆኑም፣ የመነሻው ሞዴል ምርጫ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ደጋፊ፦ ይህማ ለእኔ የሚመሰክር ነው! ሁለቱም መዝገብና ሞዴል ያዋሃዱ ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያረመው ሞዴል በመጣል ሳይሆን በማብዛት ነው። ጠባቡ የስህተት ልክ አሳሳች እንደነበረ አልክድም። መፈተኛም አለን፦ ከመዝገቦቹ ሩቡን ደብቀን በቀሩት እናሰላለን፣ ከዚያ ውጤቱ የተደበቁትን መተንበይ መቻሉን እናያለን።

ተቃዋሚ፦ የሚደብቋቸውም እኮ ያው ዳርቻ ላይ ያሉት ናቸው። ከጎኑ ሦስት ጎረቤት የቀረለትን መዝገብ መተንበይ ለደቡብ ፓሲፊክ መሀል ዋስትና አይሆንም። ሞዴሎቹም ቢበዙ ደመናን በተመሳሳይ መንገድ ከሳቱ አብረው ይስታሉ። እንግዲያው ከመጨረሻው ካርታ ጎን የመነሻውን፣ ማለትም መዝገብ ሳይገባበት ሞዴሉ ብቻ የሰጠውን ካርታ አትማችሁ አቅርቡልን፤ ከመዝገብ በፊትና በኋላ የስህተት ልኩ ያልጠበበበትን ቦታም በግራጫ ቀቡት።