መሃሉን የሳተ የጉልላት ፎቶ በኤዲቲንግ አይቃናም

«ኮርኒስ ስታነሱ መሃል መቆም አያስጨንቃችሁ፤ በኋላ ኤዲት ይደረጋል» የሚል ምክር ሲደጋገም አያለሁ። በትህትና ላርመው።

ግማሽ እውነት አለው። ኮርኒሱ ጠፍጣፋ ከሆነና ካሜራው ትንሽ ከዘመመ ሶፍትዌር ያቃናዋል። ጉልላት ግን ጥልቀት አለው። የታችኛው ጠርዝ ይቀርባል፣ ጫፉ ይርቃል። መሃሉ ላይ መብራት ከተንጠለጠለ ደግሞ እሱ ከሁሉም ይቀርባል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ ቅርብ ያለው ነገር ሩቅ ካለው የበለጠ ይንሸራተታል። ክሮፕ ማድረግ ወይም ማዞር ደግሞ ፎቶውን በሙሉ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ መብራቱን ለብቻው ወደ ቦታው አይመልስም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ልክ ከመብራቱ ስር ቆማችሁ አንድ አንሱ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ድገሙ። ሁለተኛውን በፈለጋችሁት መተግበሪያ አቃኑት። መብራቱን መሃል ስታደርጉ ጠርዙ ይዛባል፤ ጠርዙን ስታስተካክሉ መብራቱ ይሸሻል።

የሚያናድደው፣ ይሄ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቤት ከተገባ በኋላ መሆኑ ነው። በስልክ ከሆነ የምታነሱት፣ ወለሉ ደልዳላ ሲሆን ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ አስተኙት፤ በሰልፊ ካሜራና በታይመር ይነሳል። መሃሉን መፈለግ ግን የእናንተ ሥራ ነው።