የ2021ዱ የፖርቱጋል ምርጫ፦ ፎርፌውን የወሰደው ማን ነው?

ፖርቱጋል ውስጥ ወንበሩ ላይ ያለ ፕሬዝዳንት ለሁለተኛ ጊዜ ከተወዳደረ ያሸንፋል። በቃ። ከ1976 ወዲህ አንድም የተሸነፈ የለም (ከምርጫ 97 በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኢያኒስ በ1980፣ ሶዋሬስ በ1991፣ ሳምፓዮ በ2001፣ ካቫኮ ሲልቫ በ2011፣ ማርሴሎ ሬቤሎ ደ ሶዛ ደግሞ በ2021። አምስቱም ተወዳደሩ፣ አምስቱም አሸነፉ።

አሸናፊው አስቀድሞ ከታወቀ ታዲያ ምን የሚያጨቃጭቅ ነገር አለ? አለ እንጂ። እኔን የሚያናድደኝ የሚያሸንፈው ሰው አይደለም። "ይሄማ ያለቀለት ነው" ብለው ቡድናቸውን ይዘው ሜዳ ሳይገቡ የሚቀሩት ትልልቅ ፓርቲዎች ናቸው። ፎርፌ ሲሰጥ ሦስቱን ነጥብ የሚወስድ ሰው አለ። በ2021 የወሰደው ማርሴሎ ይመስል ነበር። አይደለም።

ይህን ምርጫ የማነሳበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ሁለተኛ የወጡትን ሴትዮ እኛ በደንብ እናውቃቸዋለን። አና ጎሜዝ! አዎ፣ የምርጫ 97ቷ አና ጎሜዝ ራሳቸው። የአውሮፓ ኅብረትን የታዛቢ ቡድን መርተው አዲስ አበባ የመጡት፣ ሪፖርታቸው መለስ ዜናዊን አስቆጥቶ በጋዜጣ የወጣ ረጅም የመልስ ደብዳቤ ያስጻፈው፣ ተቃዋሚውን የሚደግፈው ሰው "ሐና ጎበዜ" እያለ ያቆላመጣቸው፣ የመንግሥት ደጋፊው ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁርባቸው። ያኔ የሰው አገር ምርጫ ይታዘቡ ነበር። ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ በራሳቸው አገር ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ የገዛ ፓርቲያቸው፣ የሶሻሊስት ፓርቲው፣ አልደግፍሽም አላቸው።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ሥልጣኑ ትንሽ ልበል። የፖርቱጋል ፕሬዝዳንት እንደ እኛው አገር ፓርላማ የሚሰይመው፣ አዲስ አምባሳደር ተቀብሎ በዓመት አንድ ጊዜ ንግግር የሚያሰማ ሰው አይደለም። ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል፣ ለአምስት ዓመት። መንግሥት አይመራም፤ ያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ ነው። ግን ሕግ ሲቀርብለት አልፈርምም ማለት ይችላል፣ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይልከዋል፣ ከባሰም ፓርላማውን በትኖ አገሩን ወደ ምርጫ ይወስዳል። ተከታትሎ መግዛት የሚችለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ቢያንስ አምስት ዓመት ማረፍ አለበት። ሶዋሬስ አርፈው አርፈው በ2006፣ በ81 ዓመታቸው ተመልሰው ሞከሩ። 14 ከመቶ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። ሕዝቡ የሚወደው ሰውም ቢሆን "ይበቃዎታል" ይላል ማለት ነው፣ ያውም ሕጉ ሳይከለክል።

ማርሴሎን ደግሞ ላለመውደድ ከባድ ነው። የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው፣ የቀኝ ዘመሙ የፒኤስዲ መሪ ነበሩ፣ ከዚያ ለዓመታት በቴሌቪዥን ፖለቲካ ሲተነትኑ ቆዩ። አገሩ ሁሉ በየሳምንቱ ሳሎኑ ውስጥ ያያቸው ነበር። ፕሬዝዳንት ከሆኑ በኋላ ከማን ጋር ሰልፊ እንዳልተነሱ መቁጠር ይቀላል። በኮሮና ጊዜ በቁምጣ ሱፐርማርኬት ተሰልፈው ፎቶ ተነሱ። በ2020 ክረምት ባሕር ዳርቻ ጀልባቸው የተገለበጠባቸው ሁለት ሴቶች አይተው ዋኝተው ሊረዱ ሄዱ፣ በ71 ዓመታቸው! እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ማን ዕጩ ያቀርባል?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንቶኒዮ ኮስታም ይህንኑ አሉ መሰለኝ። በግንቦት 2020 ከማርሴሎ ጋር የመኪና ፋብሪካ ሲጎበኙ፣ በሚቀጥለውም የማርሴሎ የሥልጣን ዘመን ተመልሰው አብረው እንደሚመጡ የሚያስመስል ነገር ጣል አደረጉ። ማርሴሎ ገና እወዳደራለሁ አላሉም እኮ! የሶሻሊስቶች መሪ የሌላውን ጎራ ሰው ዕጩ አድርገው አረፉት። ቆየት ብሎ ፓርቲው በይፋ ማንንም አልደግፍም፣ አባላት የፈለጉትን ይምረጡ አለ።

እውነት ለመናገር የኮስታ ሒሳብ ምክንያት አልባ አልነበረም። መንግሥታቸው የራሱ አብላጫ መቀመጫ የለውም፣ ወረርሽኝ አለ፣ ከፕሬዝዳንቱ ጋር ተግባብተው እየሠሩ ነው። በዚያ ላይ ፓርቲው በ2006 ሶዋሬስን፣ በ2011 አሌግሬን ደግፎ ሁለቴ ተሸንፏል። በ1991ም ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል፤ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የካቫኮ ሲልቫ ፓርቲ፣ ፒኤስዲ፣ ሶሻሊስቱን ሶዋሬስን ደገፈ። ሶዋሬስ 70 ከመቶ አገኙ። ከዚያስ? ሁለተኛውን የሥልጣን ዘመናቸውን የካቫኮን መንግሥት ሲያደሙት ከረሙ። ሦስተኛ ዕድል የሌለው ፕሬዝዳንት የማንንም ውለታ አይቆጥርም። ካቫኮን ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር፣ ሰውየው በሕይወት አሉ።

ሌላ መታየት ያለበት ነገር የመራጩ ቁጥር ነው። በ1986፣ ወንበሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ ከአራቱ መራጭ ሦስቱ ያህል ወጥቶ መርጧል። በ1991 ወደ 62 ከመቶ ወረደ። በ1996 66፣ በ2001 ደግሞ ከ50 በታች። በ2006 61፣ በ2011 46። በ2016 48፣ በ2021 39። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በተወዳደረ ቁጥር ሕዝቡ ቤቱ ይቀራል። ለየት የሚለው 1980 ነው፤ ያኔ 84 ከመቶ ወጥቶ መረጠ። ዴሞክራሲው ገና ትኩስ ነበር ትሉኛላችሁ፣ ልክ ነው። ግን ያኔ እውነተኛ ትግል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳ ካርኔሮ ጄኔራል ኢያኒስን ለመጣል ሌላ ጄኔራል አቅርበው አገሩን እያካለሉ ቀሰቀሱ፤ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ቅስቀሳ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ሞቱ። ኢያኒስ ግን ያም ሆኖ አሸነፉ።

እርግጥ 39 ከመቶውን በሙሉ በፓርቲዎቹ ላይ መጫን ግፍ ነው። ምርጫው የተደረገው ጥር 24 ቀን ነው፣ አገሩ በአዲስ የቤት መቀመጥ ትእዛዝ ሥር። በዚያው ሰሞን ፖርቱጋል በኮቪድ በዓለም ላይ ክፉኛ ከተመቱት አገሮች አንዷ ነበረች፣ በቀን 300 ገደማ ሰው የሚሞትበት ጊዜ። ይራዘም የሚል ብዙ ነበር፤ ለማራዘም ግን ሕገ መንግሥት መሻሻል አለበት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ደግሞ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ክልክል ነው። ውጭ አገር የሚኖሩት ዜጎችም በ2018ቱ ሕግ ምክንያት በራስ ሰር ተመዝግበው የመራጩን መዝገብ አሳብጠውታል። ለፕሬዝዳንት ለመምረጥ ግን ቆንስላ ድረስ በአካል መሄድ አለባቸው፣ ማን ይሄዳል? (እኛ ውጭ ያለነው ያም አልተፈቀደልንም፣ ግን ይሄ የሌላ ቀን ወሬ ነው።) ድምጽ መስጫ ወረቀቱ ራሱ ጉድ ነበር። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስም ጭራሽ ዕጩ ያልሆነ ሰው ስም ነው። ቢያንስ 7,500 ፊርማ ማምጣት ሲገባው እፍኝ የማይሞላ ይዞ መጥቶ ውድቅ ተደረገ፣ ወረቀቱ ግን ቀድሞ ታትሟል።

ወደ ፎርፌው ልመለስ። ትልቁ ፓርቲ ሜዳውን ሲለቅ ማን ገባ? አንድሬ ቬንቱራ። የቀድሞ የቴሌቪዥን የኳስ ተንታኝ፣ በ2019 ቼጋ የሚባል ፓርቲ መሥርቶ በዚያው ዓመት ምርጫ 1.3 ከመቶ አግኝቶ ብቻውን ፓርላማ የገባ ሰው። የፖርቱጋል ሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት ሕዝቦች) ላይ እየጮኸ ነው ስም ያወጣው። የሁሉም ፖርቱጋላውያን ሳይሆን የ"ጨዋዎቹ" ፕሬዝዳንት ነው የምሆነው አለ። ከማርሴሎ ጋር በነበረው ክርክር፣ ማርሴሎ ከአንድ ድሃ ሰፈር ጥቁር ቤተሰብ ጋር የተነሱትን ፎቶ አውጥቶ ሰዎቹን ወንበዴዎች አላቸው፤ ፍርድ ቤት በኋላ ክብራቸውን ነክተሃል ብሎ ፈርዶበታል። የግራ ዕጩዋን ማሪሳ ማቲያስን ደግሞ በቀይ ሊፕስቲኳ ተሳለቀባት። በማግስቱ ሴቱም ወንዱም ከንፈሩን ቀይ ቀብቶ ፎቶውን ለጠፈ። ቆንጆ ምላሽ ነበር። ግን የሰሞኑ ወሬ ሁሉ በማን ዙሪያ እንደሚሽከረከር አያችሁ?

ለዚህ ሰው ከዚህ የተሻለ መድረክ ማን ይሰጠዋል? የፕሬዝዳንት ምርጫ ላይ ዕጩዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በቴሌቪዥን ይከራከራሉ። አንድ የፓርላማ መቀመጫ ያለው ሰው ከፕሬዝዳንቱ ጋር እኩል ወንበር ላይ ይቀመጣል። የመንግሥት ፓርቲ ወንበር ግን ባዶ ነው።

አና ጎሜዝ የተወዳደሩት ለዚህ ነው፤ የእኛ ሜዳ ባዶ መቅረት የለበትም ብለው። ሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች ብቻ ደገፏቸው። ማርሴሎ 60.7 ከመቶ አግኝተው በሁሉም ወረዳ አሸነፉ። ጎሜዝ 13 ከመቶ፣ ቬንቱራ 11.9። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 50 ሺህ ድምጽ እንኳ አይሞላም። ቬንቱራ ከጎሜዝ በታች ከሆንኩ ከፓርቲ መሪነት እለቃለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር፤ ለቀቀ፣ ከዚያም አባላቱ መልሰው መረጡት፣ ድራማው አለቀ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ድምጹ ግን የትም አልሄደም። ብቻቸውን የወጡ አንዲት የቀድሞ ዲፕሎማት ያቆሙትን ሰው፣ ሙሉ የፓርቲ መዋቅር ከኋላቸው ቢኖር ኖሮ የት ያደርሱት እንደነበር አስቡት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በጥቅምት 2021 በጀቱ ፓርላማ ውስጥ ወደቀ፣ ማርሴሎ ፓርላማውን በተኑ። ኮስታ ዕድለኛ ነበሩ፣ በጥር 2022 አብላጫ ድምጽ ይዘው ተመለሱ። "አየህ፣ የኮስታ ሒሳብ ልክ ነበር" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ልክ ነበር። በኅዳር 2023 ከሙስና ምርመራ ጋር ተያይዞ ኮስታ ሥልጣን ለቀቁ። ፓርቲያቸው ፓርላማው ውስጥ አብላጫ አለው፣ የሚተካቸውንም ሰው ስም ይዘው ቀረቡ። ማርሴሎ አይሆንም አሉ። በተኑት። ያው ዕጩ ሳያቀርቡባቸው ያሳለፏቸው ማርሴሎ። በመጋቢት 2024 ምርጫ ቼጋ 50 መቀመጫ ያዘ። በ2025 አሁንም ፓርላማ ተበተነ፣ ለሦስተኛ ጊዜ፤ ቼጋ 60 መቀመጫ ይዞ ከሶሻሊስቶቹ በላይ ተቀመጠ።

ይህ ሁሉ ከአንዱ ፎርፌ የመጣ ነው አልልም። የቤት ኪራዩ ሊዝበን ውስጥ ሰው እያፈናቀለ ነው፣ ደሞዙ አያወላዳም፣ የሙስና ክሱ ተቆልሏል። ያንን ብሶት የሚሰበስብ ሰው ግን መጀመሪያ መታየት አለበት፣ ለቬንቱራ ደግሞ የመጀመሪያው ትልቅ መታያ የ2021ዱ ምርጫ ነው።

በ2026 ማርሴሎ ሁለቱን ጨርሰው ወንበሩ ሲከፈት ቬንቱራ ሁለተኛ ዙር ደረሰ። ይሄ በፖርቱጋል ታሪክ ከ1986 በኋላ የመጀመሪያው ሁለተኛ ዙር ነው። በዚህኛው ሶሻሊስቶቹ ነቅተው አንቶኒዮ ጆዜ ሴጉሮን ደገፉ፤ ኮስታ በ2014 ከፓርቲው መሪነት ያስነሷቸው ሰው ናቸው። ሴጉሮ ከሦስቱ ድምጽ ሁለቱን ያህል ይዘው አሸነፉ። የፒኤስዲው መሪ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞንቴኔግሮ በሁለተኛው ዙር ማንን ይደግፉ ነበር ካላችሁ፣ ማንንም። ገለልተኛ ነኝ አሉ። የአሁኑ ፎርፌ የፒኤስዲ ተራ ነበር።

ሴጉሮ በ2031 እንደገና እወዳደራለሁ ካሉ፣ እስካሁን ከነበረው ልማድ አንጻር ያሸንፋሉ። ፒኤስዲ ያኔ ቁጭ ብሎ ሲያሰላ "ያለቀለት ነገር ላይ ምን አደከመን" ማለቱ አይቀርም። ቬንቱራ ያኔ ገና 48 ዓመቱ ነው፣ ፊርማ መሰብሰብም ለእሱ ችግር አይደለም።