እርማት፦ ሕጉ የተማሪን ፎቶ በራሱ አይሸሽግም

«አሜሪካ ውስጥ ፌርፓ የሚባል ሕግ ስላለ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪው ፈቃድ ፎቶም ሆነ ስልክ አያወጣም፤ አትስጉ» ያሉት ወንድሜ፣ አሳብዎ ቅን ነው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ብዙ ወላጅ ስለሚያምነው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ይህ ሕግ እንደ ውጤት ያለውን መዝገብ አጥብቆ ይጠብቃል። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይልና ፎቶግራፍ ግን «የማውጫ መረጃ»፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለሌሎች ሊያወጣው የሚችል መረጃ፣ ተብለው ሊመደቡ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲው የመደባቸውን አስታውቆ ተማሪው እምቢ የሚልበትን ጊዜ ከሰጠ፣ ዝም ያለውን ተማሪ ሌላ ፈቃድ የመጠየቅ ግዴታ የለበትም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ መንግሥት ለግለሰብ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ግን ከዚህ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ለመታወቂያ የተነሳችው፣ ሹሩባዋ ገና ያልተፈታ ፎቶ፣ ከኢሜይሏ ጎን ወጥቶ ያየችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ስታሳያት ነው። ደነገጠች። ማስታወቂያው ደርሷት ነበር፤ ከሌሎች ደብዳቤዎች መካከል ሳይነበብ ቀረ እንጂ።

ስለዚህ ትምህርት ሲጀመር ሬጅስትራር ዘንድ ሄዶ የእምቢታውን ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። የሚሞላው ተማሪው ራሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ መብቱ ከወላጅ ወደ እርሱ ይዛወራል። እምቢታው በሚማርበት ክፍል ውስጥ ስሙን አይደብቅለትም። ትምህርቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ግን ራሱ እስካላነሳው ድረስ ይጸናል።