የአድራሻ ዝርዝር ብቻውን ሰርቨር አይጠብቅም

ድሬዳዋ የባቡሩ፣ የደረቅ ወደቡና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነፃ ንግድ ቀጠና ከተማ እንደ መሆኗ፣ የትራንዚት ድርጅቶቿ፣ መጋዘኖቿና ባንኮቿ የሚለዋወጡት የደንበኛ ሰነድ ብዙ ነው። ይህን ሰነድ ለያዘ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው መከላከያ የተፈቀደላቸውን የአይፒ አድራሻዎች (በኢንተርኔት ላይ ያለን መሣሪያ የሚለዩ ቁጥሮችን) ዘርዝሮ ሌላውን ሁሉ መከልከል ነው። አሠራሩ ይጠቅማል፤ ብቸኛ ጥበቃ ሲደረግ ግን አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አድራሻውን የሚመረምረው ሶፍትዌር ራሱ አሳስቶ ሊያነበው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው የ‹ኔትማስክ› ክፍተት ይህን በግልጽ ያሳያል። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች በስፋት የሚጠቀሙበት ይህ ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ስብስብ) በቁጥር ፊት የተጻፈችን ዜሮ ቸል ይል ነበር። በብዙ ሲስተሞች ልማድ ግን በዜሮ የሚጀምር የአድራሻ ክፍል የሚነበበው መሠረቱ ስምንት በሆነው የቁጥር አጻጻፍ ነው። ስለዚህ 0177.0.0.1 ተብሎ የተጻፈን አድራሻ መርማሪው 177.0.0.1 ብሎ ያነበውና የውጭ አድራሻ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ግንኙነቱን የሚፈጽመው ክፍል ደግሞ 0177ን 64 ሲደመር 56 (7 ጊዜ 8) ሲደመር 7፣ ማለትም 127 አድርጎ ይቆጥረውና ሰርቨሩ ራሱን ወደሚጠራበት ወደ 127.0.0.1 ይሄዳል። ከተጠቃሚ የተላከለትን ሊንክ ተከትሎ ምስል ወይም ሰነድ የሚያመጣ አገልግሎት በዚህ መንገድ ተታሎ ለውጭ ሰው መከፈት የማይገባውን የውስጥ ገጽ አምጥቶ ሊያስረክብ ይችላል።

በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ጉድለት ‹ፓይተን› (Python) እና ‹ጎ› (Go) በተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥም ተገኝቷል። ‹ፓይተን› ከ3.9.5 እትሙ፣ ‹ጎ› ደግሞ ከ1.17 እትሙ ጀምሮ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ አይቀበሉም። አጠራጣሪውን ከመገመት ይልቅ ውድቅ ማድረግ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በአይፒቪ6 (በአዲሱና በረጅሙ የአይፒ አድራሻ ዓይነት) አጻጻፍ ተሸፍኖ የሚመጣ የአይፒቪ4 (የቀድሞው አጭር ዓይነት) አድራሻም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል።

እኛ ዘንድ ጉዳዩን የሚያከብደው ሶፍትዌሩን ሠርቶ ያስረከበው ባለሙያ ውሉ ሲያልቅ መሄዱ፣ ፓኬጆቹም በተጫኑበት ዕለት እንደነበሩ መቅረታቸው ነው። በሞባይል ኢንተርኔትም ብዙ ደንበኞች አንድ የወጪ አድራሻ ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ ከቢሮ ውጭ ለሚሠራ ሠራተኛ የተፈቀደው አድራሻ ለማይታወቅ ሰውም ይከፍታል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች ተገቢውን የደኅንነት እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ስለሆነም ሶፍትዌር የሚያሠራ ድርጅት የማዘመን ግዴታው ለስንት ዓመት እንደሚቆይ በውሉ ያስጽፍ፤ በርክክቡ ዕለት እንደ 0177.0.0.1 ያሉ አድራሻዎችን አስገብቶ ያስፈትን፤ አድራሻው ቢፈቀድም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ) ይጠይቅ። የኔትወርክ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው አነስተኛ የትራንዚት ቢሮዎች ደግሞ የከተማው አስተዳደር ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ፣ ተመራቂ ተማሪዎች በመምህራን ክትትልና በባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ይህን ፍተሻ እንዲያካሂዱላቸው ሊያደርግ ይገባል።