ፊልሙን አለመምሰላቸው እኮ ነው ቁም ነገሩ

የአሻንጉሊት ኩባንያው ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣቸው፣ ከሠዓሊው ራልፍ ማክኳሪ ሥዕሎች የተቀዱ የስታር ዋርስ አሻንጉሊቶች ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ «ፊልሙን የማይመስሉ» ተብለው በአንድ መስመር መታለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። መች ፊልሙን ሊመስሉ ተሠሩ? የጠፈር ፊልሙ ስታር ዋርስ በ1977 ለእይታ ከመብቃቱ በፊት፣ ድርሰቱ ገና እየተጻፈና እየተሰረዘ ሳለ፣ ማክኳሪ ለፊልሙ ዳይሬክተር ለጆርጅ ሉካስ የሳላቸው ሥዕሎች ናቸው በፕላስቲክ የተቀረጹት። ነጭ ለባሹ ወታደር ጋሻና የብርሃን ሰይፍ መያዙ የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ ሥዕሉ ላይም እንደዚያው ነው።

ወርቃማውን ሮቦት ሲ-ስሪፒኦን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት። በ1927 በወጣው «ሜትሮፖሊስ» በተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ያለችውን ሴት ሮቦት ቁርጥ! ስታር ዋርስ ላይ ያ ዝምድና ደብዝዟል፣ አሻንጉሊቱ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጥቁር ለባሹ ክፉ ገጸ ባሕርይ የዳርዝ ቬደር ጭንብልም የመጣው ከማክኳሪ ነው፤ ቬደር ከጠፈር መርከብ ወደ መርከብ በባዶ ጠፈር ሲሻገር በምን ይተነፍሳል ብሎ ቢጨነቅ (ቦይንግ ውስጥ በሠዓሊነት የሠራ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይገርምም)።

እኔ እሽጉን ቀድጄ ነው መደርደሪያ ላይ የማቆማቸው፤ ሳይከፍቱ የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች ይቅር ይበሉኝ። አብዛኞቹ 10 ሳንቲሜትር እንኳ ስለማይሞሉ ከኋላቸው የየሥዕሉን ቅጂ አትሜ ለጥፌያለሁ። ጸጉራሙን ፍጡር ቹባካን ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፤ እነዚያ የፈጠጡ ዓይኖቹ ሌሊት ያስደነግጡኛል።