ውዳሴ ለአራቱ የሠፈር ጎማዎች

ባለፈው ማክሰኞ አዌቱ ድልድይ አጠገብ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ አንዲት ኮሮላ ከኋላ ቀስ እያለች፣ እንደ ሙሽራ እየተንሳፈፈች መጥታ የኋላ መብራቴን ሳመችው። ሹፌሩን ፍሬን አልያዘም ብዬ አላማውም፤ ይዟል። ጎማዎቹም ታዘው ቆመዋል። መኪናዋ ግን አልሰማችም። ሰውየው ወርዶ መጀመሪያ ያየው ሰማዩን ነው። «አየኸው ይሄን ዝናብ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ጎማውን አየሁት። ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል! ቦይ በነበረበት ቦታ ላይ ጣቴን ባሳልፈው ምንም አልያዘኝም።

ጅማ ላይ ዝናብን መክሰስ ዓሣን «ለምን ረጠብክ?» ብሎ እንደ መቆጣት ነው። ቢሆንም አልተጣላንም። መብራቱን ሊያሠራልኝ ተስማማን፣ ስልክ ተለዋወጥን፣ «ከዚህ የባሰ አያምጣ» ተባብለን ተለያየን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው የቆጨኝ የራሴ ውለታ ቢስነት ነው። ይህን በመሰለ ጎማ አክባሪ ሕዝብ መሀል እየኖርኩ አንድ መስመር ምስጋና ጽፌ አላውቅም።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ስልኩ ካሜራ በጨመረ ቁጥር ስልክ ይቀይራሉ። በዓል በመጣ ቁጥር የወንበር ልብስ ይቀይራሉ። ጎማ ሲባል ግን የቁጠባ መንፈስ ይወርድባቸዋል። ጥርሱ ሲያልቅ «ገና ነው፣ ይሄዳል» ይላሉ። ሸራው ሲታይ «ዋናው ሸራው ነው» ይላሉ። ሽቦው ብቅ ሲልማ ጭራሽ ይረጋጋሉ፤ ጎማ ያልቃል፣ ብረት የት ይሄዳል? ፋብሪካው በቦዮቹ መሀል «እዚህ ከደረስክ አበቃህ» ብሎ ያስቀመጣቸው ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ የጎማው ፊት ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በብዙ አገር ሕግም ከዚያ በታች አይነዳም። እርጥብ አስፋልት ላይ እንዲያውም ገና እዚያ ሳይደርስ ነው ጎማ ውሃውን ገፍቶ ማውጣት የሚያቅተውና መኪና መሬቱን ለቆ በውሃው ላይ የሚሄደው። የኛ ሰው ይህ አያስጨንቀውም። ጉብታዎቹም አብረው አልቀዋል።

የአየሩን ነገር ካነሳን፣ ጌጅ የሰነፍ ዕቃ ነው። ወንድ ልጅ ጎማውን በጫማው ጠለዝ ያደርግና ከድምፁ ይረዳል።

አሁን ወደ ሠፈራችን ኩራት ልምጣ። አራት ጎማዎች አሉን። ባለቤታቸው ከነቸርኬያቸው ለኮሮላው ገዝቷቸው ነበር፤ ብልህ ሰው ነውና መኪናውን ሸጦ ጎማዎቹን አስቀረ። ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሰው ይተኛሉ። የቦሎ ሰሞን ሲመጣ ይነቃሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። በዋዜማው ምሽት መኪናህ በክሪክ ትነሳለች፣ የራስህ መላጦች ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ አራቱ እንግዶች ይገባሉ። አብሯቸው የእሳት ማጥፊያ፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘንና አንድ ፋሻ ብቻ ያለበት የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይመጣል፤ ልክ ድንኳን ስትከራይ ወንበር እንደሚመረቅልህ። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ምርመራ ትገባለህ፣ ታልፋለህ። አምስት ሰዓት ላይ ጎማዎቹ ወርደው፣ ታጥበው ቀጣዩ መኪና ላይ ይወጣሉ። ኪራያቸው እንደ ሰሞኑ የቡና ዋጋ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሌላው ጎማ በዓመት አንዴ ይመረመራል፤ እነዚህ በሳምንት አራቴ። እንደነሱ የተመረመረ ካለ የአውሮፕላን ጎማ ብቻ ነው። መንገዱን ከማወቃቸው የተነሳ መሪ ባይያዝም ቀጥ ብለው የሚሄዱ ይመስለኛል። ለስንቱ ቪትዝ ዋስ ሆነዋል! ለስንቱ ኮሮላ ሽማግሌ ሆነው ቆመዋል! ከቤት ወደ ምርመራ፣ ከምርመራ ወደ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ ስለማይሄዱ ጥርሳቸው እንደ ሕፃን ነው። ክብራቸውን የሚያውቅ ደንበኛ በጉድጓድ በኩል ሲያልፍ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በራሱ ጎማ ቢሆን በአራተኛ ማርሽ ነበር የሚዘለው።

አንድ ጊዜ ከመካከላቸው ያንደኛውን ጎማ ሚስማር ወጋው። ወሬው ሳይመሽ ሠፈሩን አዳረሰ። ሰው እየመጣ ጓሮ ገብቶ ያየው ጀመር። «የትኛው ነው? የፊት ቀኙ? እሱማ ጨዋው ነበር!» ተባለ። ለቅሶ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረን። ባለ ተራው ሰውዬ ቦሎው ሊያልፍበት ሲል እንባ ተናነቀው እንጂ፣ የራሱ አራት ጎማዎች ሲያልቁ ፊቱ ላይ አንዲት ሽብሽብ አላየሁም።

ብዙ ያወራሁ መሰለኝ፤ ግን የባለ አምስት ቡሎኑን ጎረቤቴን ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። የሠፈራችን ጎማዎች የሚያገለግሉት ባለ አራት ቡሎን መኪና ብቻ ነው። እሱ ሳያጣራ ባለ አምስት ገዛ። ቦሎ ሲደርስ አገር እንደሌለው ሰው ተንከራተተ። ጓሮ ድረስ መጥቶ «አራቱ ቀዳዳ ከገጠመ አምስተኛው ምን ቸገረው?» ብሎ ተከራከረ። በመጨረሻ ሌላ ሠፈር አራት ባለ አምስቶች እንዳሉ ሰምቶ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ «የሠፈሩ ነዋሪ መሆንህ በምን ይታወቃል?» አሉት። አርባ ጊዜ ተፈትኖ አርባውንም ጊዜ ያለፈ ተማሪ ቢገኝ ዩኒቨርሲቲያችን ጋውን ያለብሰው ነበር። ለነዚህ አራት ምሁራን ግን እስካሁን ቆብ የጫነላቸው የለም።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። በቀደም ከወልቂጤ በሚኒባስ ስመጣ ጊቤ በረሃ ላይ ውሃ ለመግዛት ቆምን። የኋላ ቀኙ ጎማ የውስጥ ጠርዙ ተልጦ ሽቦው እንደ መጥረጊያ ተንጨብሯል። ለረዳቱ አሳየሁት። በጫማው ጠለዘው። «ጋሼ አያስቡ፣ ኢንሻአላህ ጅማ ያደርሳል» አለኝ። «አየሩንም በረሃ ስለሆነ ቀነስ አድርገንለታል።» ቀነስ አድርገውለታል! አየር ያነሰው ጎማ ነው እኮ በየዙሩ ጎኑ እየታጠፈ የሚግለው፣ ግሎም ድርብርቡ እየተላቀቀ የሚፈነዳው። የጊቤን ሙቀት፣ ትርፍ ሰውና ጣሪያ ላይ የተጫነውን ጆንያ ጨምሩበት። ከዚያ ጎማ በላይ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ፣ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተኝታ ነበር። እሷን ማን ጠየቃት? ለጎማ ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው በሦስት ሰው ወንበር ላይ አምስት ጭኖ የሰበሰበውን የት ከተተው? በሰው ሕፃን ቁማር እየተጫወቱ ስሙን ቁጠባ ይሉታል። ቦሎውም መስታወቱ ላይ ነበር፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ቦሎ። እኔስ? ምንም አላልኩም። ውሃዬን ይዤ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ደረስን። ዛሬም ድረስ የሚያቃጥለኝ መድረሳችን ነው፤ ስለ ደረስን ያ ጎማ በማግስቱ ሌላ ሰው ጭኖ ጊቤን ወርዷል።

እንግዲህ በዚህ ላይ የማክሰኞው መብራት ሲጨመርበት ፈሪ ሆንኩና የሠፈሩን ወግ አፍርሼ ጎማ ልገዛ ወጣሁ።

የምንኖረው ጎማ የሚባል ወረዳ ባለበት ዞን ነው። ሰዋችን የጎማን ቡና ከሊሙ ቡና በሽታው ይለያል። ፍሬውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ ጥርሱ ላይ ሰብሮ፣ አሽትቶ «ይሄ የአምናው ነው» ይልሃል። የመኪና ጎማ ሲገዛ ግን መመዘኛው አንድ ነው፤ ጥቁረት። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀባ ቀባ አድርጎ ያሰልፋቸዋል። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ባለው ረድፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የቀረበልኝ ላይ 2316 ይላል።

«አየህ ጋሼ፣ የ16 ነው» አለኝ ሻጩ። «አሁን 2018 ላይ ነን። ሁለት ዓመቱ ነው፣ ገና ጡት አልጣለም።»

ይህን ጥበብ ማን ያደንቅልናል? ፋብሪካው የቆጠረው በፈረንጅ ነው፤ 23ኛው ሳምንት፣ 2016። በኛ ግንቦት ሊያልቅ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ 2008። ጎማው ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጎማ ደግሞ ባይሽከረከርም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፣ ይሰነጣጥቁታል። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ በአሥረኛው ዓመት ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ እንዲወርድ የሚመክሩ አምራቾች ብዙ ናቸው። እኛ ግን በዘመን አቆጣጠራችን ከቱሪስት በተጨማሪ ጎማንም ወጣት እናደርጋለን።

«የ25 የለህም?» አልኩት።

አዘነልኝ። «ጋሼ፣ 2025 እኮ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ከየት ላምጣልህ?»

ሦስተኛው ሱቅ ላይ ከነቁጥሩ አገኘሁ። መኪናዬ የምትፈልገው 185/70 አር 14 ነው፤ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ በመቶኛ ከስፋቱ፣ የቸርኬው ኢንች። ቀጥሎ 88 ይላል፤ አንዱ ጎማ እስከ 560 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በመንገዴ ላይ ግን ሁለት ሰዎች ሌላ ቁጥር አምጥተው «ይገባል» ብለውኛል። ይገባል! በዚህች ቃል ስንት ነገር ገብቷል።

ጎሚስታው ዘንድ ወረፋ ነበር። አንዱ ከጭቃ መከላከያው የወጣ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ቸርኬ ለቪትዙ እያስገጠመ ነው፤ ኋላ ሰው ሲቀመጥ ጎማው ይነካል፣ ስለዚህ ኋላ ሰው አይጭንም፤ አለቀ። ሌላው ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ፊት አስገጠማቸው። «ሁለት ከሆነ ወደ ኋላ ነው የሚሻለው፤ እርጥብ ላይ ኋላው ከከዳህ መኪናው ይዞርብሃል» አልኩት። «ኋላውን ማን ያየዋል?» አለኝ።

የኔ ተራ ደረሰ። ልጁ ቀልጣፋ ነው። ዳዶዎቹን ተራ በተራ በዙሪያው አጠበቀና ቁልፉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ዘለለ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ጎሚስታውን፣ ቸርኬውን፣ ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ ክሪኩን፣ ስኮርታውን ትቶልን ሄዷል፤ ፊት ለፊት እያቀያየሩ ማጥበቅ የሚለውን ግን ሻንጣው ውስጥ ይዞት ሳይሄድ አልቀረም። አስፈትቼ እንደገና አስጠበቅኩት። «ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድቼ እመለሳለሁ፣ ትፈትሽልኛለህ» ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ እኔን አሳያቸው። «ጋሼ፣ እኔ ያጠበቅኩትን እኔ ራሴም አልፈታውም!»

ቤት ስገባ ከተማችን ትንሽ መሆኗ ገባኝ። ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰላም አለኝ፤ ዓይኑ ግን ዝቅ ብሎ ነው። ራት ሳልበላ ስልኬ ጮኸ። የማክሰኞው ሰው ነው።

«መብራቱን ልታሠራልኝ ነው የደወልከው?» አልኩት።

«እሱማ ያለቀ ነገር ነው። ጎማ ቀየርክ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ወንድሜ፣ ቦሎዬ ሐሙስ ነው። እነዚያ አራቱ እስከ ቅዳሜ ተይዘዋል። ያንተ መኪና ባለ አራት ቡሎን ናት አይደል?»

ዝም አልኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል። እሱም ስልኩ ውስጥ ሳይሰማው አልቀረም።

«ለነሱ እንዳታስብ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በዝናብ አልነዳቸውም።»